ከጨው ጭነት እስከ ጀርባ ቦርሳ፦ የኔፓል ተራሮች የእግር ጉዞ ታሪክ

ኔፓል በሕንድና በቻይና መካከል፣ በሂማላያ ተራሮች ደቡባዊ ገጽ ላይ የምትገኝ፣ 147,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት አገር ናት። በዓለም ላይ ከ8,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካላቸው 14 ተራሮች ስምንቱ በግዛቷ ውስጥ ወይም በድንበሯ ላይ ይገኛሉ። በየዓመቱ በጥቅምትና በኅዳር፣ ደግሞም በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ቦርሳቸውን ያዘሉ የውጭ አገር ሰዎች በእነዚህ ተራሮች ሥር ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት በእግራቸው ይጓዛሉ። ልማዱ ከጀመረ ከስድሳ ዓመት ብዙም አላለፈውም። የሚሄዱበት መንገድ ግን እጅግ ያረጀ ነው። ጨውና እህል የሚለዋወጡ ነጋዴዎች፣ መንጋቸውን የሚከተሉ እረኞች፣ ወደ ገዳም የሚወጡ ምእመናንና ሸክም የሚያመላልሱ ድሆች ለብዙ መቶ ዓመታት ረግጠውታል። የጉዞው ታሪክም ከእነሱ ይጀምራል።

የጨው መንገድ

የቲቤት አምባ ጨው ሞልቶታል፤ እህል ግን አይበቃውም። የኔፓል ወይና ደጋና ቆላ ደግሞ ሩዝ፣ በቆሎና ገብስ ያበቅላል፤ ጨው ግን የለውም። አንዱ የጎደለውን ከሌላው ለማግኘት ሲል በሂማላያ በሮች በኩል የሚያልፍ ንግድ ተመሠረተ። ያክና በቅሎ ብቻ ሳይሆን በግና ፍየልም ሳይቀር ትንንሽ የጨው ከረጢት ተጭነው ይነዱ ነበር።

ከእነዚህ መንገዶች ዝነኛው የካሊ ጋንዳኪን ወንዝ ተከትሎ የሚወጣው ነው። ወንዙ 8,167 ሜትር ከፍታ ባለው ዳውላጊሪና 8,091 ሜትር ከፍታ ባለው አናፑርና መካከል ሰንጥቆ ያልፋል። ከግራና ከቀኝ ያሉት ጫፎች ከሸለቆው ወለል ከአምስት ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ የወጡ ናቸው። ረፋዱ ሲያልፍ ከደቡብ ወደ ሰሜን ብርቱ ነፋስ ይነሣና አሸዋና ጠጠር እየበተነ እስኪመሽ ድረስ ይነፍሳል። ስለዚህ የጨው ነጋዴው ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ ቀትር ሳይሆን ማደሪያው ለመድረስ ይጣደፍ ነበር። የዛሬው ተጓዥም በዚያው ሰዓት ይነሣል።

በዚህ ሸለቆ የሚኖሩት ታካሊዎች የንግዱ መካከለኞች ነበሩ። ቱኩቼ የተባለችው መንደራቸው ከሰሜን የመጣው ጨው ተራግፎ ከደቡብ የመጣው እህል የሚጫንባት ገበያ ሆነች። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላም የኔፓል መንግሥት የጨው ቀረጡን የመሰብሰብ መብት ለታካሊ ባለጸጎች በኮንትራት ሰጠ። የቦታ ስሞች ያንን ዘመን እስከ ዛሬ ይመሰክራሉ። ጎሬፓኒ ማለት የፈረስ ውኃ ማለት ነው፤ ታቶፓኒ ደግሞ ሙቅ ውኃ። የመጀመሪያው የጋማ ከብት የሚጠጣበት፣ ሁለተኛው ነጋዴው በፍል ውኃ ድካሙን የሚያወጣበት ቦታ ነበር።

በመንገዱ ዳር ባቲ የሚባሉ ማረፊያዎች ነበሩ። አብዛኞቹን የሚያስተዳድሩት የታካሊ ሴቶች ነበሩ። የመጣው እንግዳ ይከፍል የነበረው ለሚበላው ሩዝና ምስር ወጥ ነው፤ ራቱን ከበላ በምድጃው አጠገብ ለሚተኛበት ቦታ አይጠየቅም ነበር። በኋላ ዘመን ዓለም «የሻይ ቤት ጉዞ» ብሎ የሚጠራው አኗኗር ከእነዚህ ቤቶች የወጣ ነው።

ሸክምና ማረፊያ

የመካከለኛው ኔፓል መንገድ ብዙውን ጊዜ መንገድ ከማለት ደረጃ ማለት ይቀለዋል። በጠፍጣፋ ድንጋይ የተነጠፈው ደረጃ ከወንዝ ዳር ተነሥቶ የእርከን ማሳዎችን እየቆረጠ አንድ ሺህ ሜትር ሽቅብ ይወጣል፤ ከዚያም በወዲያኛው ገጽ ያንኑ ያህል ይወርዳል። የጋማ ከብት በማይደርስበት ሁሉ ዕቃ የሚያደርሰው የሰው ጀርባ ነው። ተሸካሚው ዶኮ የሚባል ከቀርከሃ የተሠራ ሾጣጣ ቅርጫት ያዝላል። ሸክሙን የሚይዘው የትከሻ ማንገቻ ሳይሆን ናምሎ የሚባል፣ ከቅርጫቱ ሥር ዞሮ በግንባር ላይ የሚያርፍ ሰፊ ጠፍር ነው። በእጁ ቶክማ የምትባል፣ ጫፏ ላይ አግዳሚ ያላት አጭር ዱላ ይይዛል። ትንፋሹ ሲያጥረው ቆም ይልና ዱላዋን ከቅርጫቱ ሥር ያቆማታል፤ ሸክሙ በዱላዋ ላይ ይሆንና አንገቱ ለአፍታ ያርፋል።

ረዘም ላለው ዕረፍት ቻውታራ አለ። ይህ በአቀበት ራስ ወይም በመንደር መግቢያ ላይ በደረቅ ድንጋይ የተካበ መደብ ሲሆን በላዩ ብዙውን ጊዜ ሁለት የሾላ ወገን የሆኑ ዋርካዎች ጎን ለጎን ይተከሉበታል። መደቡ ሁለት እርከን አለው። የታችኛው የሰው መቀመጫ ነው፤ የላይኛው ከፍታው በጀርባ ካለው ቅርጫት ሥር ጋር እንዲገጥም ሆኖ የተሠራ ነው። ተሸካሚው ወደ ኋላው ጠጋ ብሎ ሳያጎነብስ ሸክሙን ያሳርፋል፤ ሲነሣም ያለ ረዳት ይነሣል። ቻውታራ የሚያሠራው ለጽድቅ ብሎ ወይም ለሟች ዘመዱ መታሰቢያ የሚሆን ነገር የሚሻ የመንደር ሰው ነው። ለማያውቀው መንገደኛ ድካም አስቀድሞ ያሰበ ሰው የሠራው በመሆኑ፣ በኔፓል መንገዶች ላይ ካሉት ነገሮች ሁሉ ከዚህ የበለጠ ስለ አገሩ ልማድ የሚናገር የለም።

እ.ኤ.አ. በ2005 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት በኤቨረስት አካባቢ ወዳለው የናምቼ ገበያ የሚወጡ ተሸካሚዎችን መዝኖ ነበር። ወንዶቹ በአማካይ ከሰውነታቸው ክብደት 90 በመቶ በላይ፣ አንዳንዶቹም ከራሳቸው ክብደት የሚበልጥ ሸክም ይዘው ተገኙ። አካሄዳቸው ቀስ ያለ ነው፤ ጥቂት ይራመዳሉ፣ ያርፋሉ፣ እንደገና ይራመዳሉ። በዚህ ዓይነት ቀኑን ሙሉ ይሄዳሉ።

የተዘጋው አገር

የጎርካው ንጉሥ ፕሪትቪ ናራያን ሻህ እ.ኤ.አ. በ1768 ካትማንዱን ይዘው የዛሬዋን ኔፓል መሠረት ሲጥሉ፣ በደቡብ በኩል የእንግሊዝ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ እየገሰገሰ ነበር። ከ1814 እስከ 1816 በተደረገው ጦርነት ኔፓል ሰፊ ግዛት አጣች፤ በሱጋውሊ ውልም አንድ የእንግሊዝ ተወካይ በካትማንዱ እንዲቀመጥ ተስማማች። ነገር ግን ነጻነቷን ጠበቀች፤ ድንበሯንም ለውጭ ሰው ዘጋች። ከ1846 ጀምሮ ሥልጣኑን የያዙት የራና ቤተሰብ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ይህንኑ ፖሊሲ አጠበቁት። የእንግሊዙ ተወካይ እንኳ ከካትማንዱ ሸለቆ ወጥቶ እንደ ልቡ መዘዋወር አይችልም ነበር።

በዚያ ዘመን በጨው መንገድ ካለፉት ጥቂት የውጭ ሰዎች አንዱ ጃፓናዊው የቡድሃ መነኩሴ ኤካይ ካዋጉቺ ነው። የቡድሃን ቅዱሳት መጻሕፍት በቲቤት ለማግኘት ተነሥቶ በ1899 ቻይናዊ መነኩሴ ነኝ እያለ ኔፓል ገባ። ወደ ካሊ ጋንዳኪ ሸለቆ ወጥቶ በሙስታንግና ማርፋ በተባለችው የታካሊ መንደር ተቀምጦ ቋንቋውን አጠና፤ በ1900ም ጓዙን በጀርባው አዝሎ፣ ጠባቂ የሌለበትን የበረዶ በር መርጦ ወደ ቲቤት ተሻገረ። በእነዚህ ተራሮች የራሱን ሸክም ይዞ ስለ ሄደ እንግዳ በጽሑፍ ከተረፉት ቀደምት ታሪኮች አንዱ የእሱ ነው።

በምሥራቅ በኩል በኤቨረስት ሥር ባለው የኩምቡ አገር የሚኖሩት ሼርፓዎች ደግሞ ከአምስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ከምሥራቅ ቲቤት የመጡ ሕዝብ ናቸው። ስማቸውም የምሥራቅ ሰዎች ማለት ነው። ከባሕር ወለል በላይ 5,700 ሜትር በሚደርሰው በናንግፓ ላ በር እየተሻገሩ ከቲቤት ጋር ይነግዱ ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የደረሳቸው ድንችም ዋና ምግባቸው ሆነ። እንግሊዞች በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ኤቨረስትን ለመውጣት ሲሞክሩ፣ ኔፓል ዝግ በመሆኗ የሄዱት በቲቤት በኩል ነው። ተሸካሚ የሚቀጥሩት በሕንዷ ዳርጂሊንግ ነበር፤ የኩምቡ ወጣቶችም ሥራ ፍለጋ ወደዚያ ይሰደዱ ነበር። የሼርፓና የተራራ ወጪዎች ትስስር በዚህ ሁኔታ በስደት ምድር ተጀመረ።

በሩ ሲከፈት

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ቻይና ቲቤትን ስትይዝ የሰሜኑ መንገድ ተዘጋ፤ ጎረቤት ሕንድ ነጻ ስትወጣ የራናዎች መንግሥት ብቻውን ቀረና በሩን ከፈት ማድረግ ጀመረ። እንግሊዛዊው ቢል ቲልማን በ1949 ወደ ላንግታንግ ሸለቆ እንዲገባ ተፈቀደለት። በ1950 የፈረንሳይ ቡድን ቱኩቼን ማዕከል አድርጎ ለሳምንታት የሚወጣበትን ተራራና መንገድ ከፈለገ በኋላ፣ ሞሪስ ኤርዞግና ሉዊ ላሽናል ጁን 3 ቀን የአናፑርናን ጫፍ ረገጡ። ሰው ከ8,000 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ ጫፍ ሲደርስ የመጀመሪያው ነበር። ዋጋውም ከባድ ሆነ፤ ሁለቱም በውርጭ ተጎድተው የእግር ጣቶቻቸውን፣ ኤርዞግ የእጆቹንም ጣቶች አጣ። ዝናቡ በጀመረበት በዚያ ወቅት ቁስለኞቹን በገደልና በጎርፍ አሻግረው ወደ ቆላ ያወረዳቸው ጨው ይሸከም የነበረው የዚያው አገር ተሸካሚዎች ጀርባ ነው።

በዚያው ዓመት መጸው ቲልማንና አሜሪካዊው ቻርልስ ሂውስተን ከጓደኞቻቸው ጋር ወደ ኩምቡ ደረሱ። በ1951 የራናዎች አገዛዝ ወድቆ ንጉሥ ትሪቡቫን ሥልጣናቸውን መልሰው ያዙ። በ1953 የእንግሊዝ ቡድን ከካትማንዱ ሸለቆ ሲነሣ ከ350 በላይ ተሸካሚዎችን አስከትሎ ነበር፤ በኩምቡ እስካለው የቴንግቦቼ ገዳም ድረስ ሁለት ሳምንት ተኩል ገደማ ተጓዘ። ሜይ 29 ቀን ቴንዚንግ ኖርጌይና ኤድመንድ ሂላሪ ከኤቨረስት ጫፍ ላይ ቆሙ። የኔፓል ስም በዓለም ሁሉ ተሰማ።

ሆኖም አገሪቱ ለተራ እንግዳ ገና አልተዘጋጀችም። የስዊዘርላንዱ የሥነ ምድር ሊቅ ቶኒ ሃገን በ1950ዎቹ የአገሪቱን መሬት ሲያጠና 14,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሄደው በእግሩ ነው፤ ሌላ መንገድ አልነበረምና። የመጀመሪያዎቹ የጎብኚ ቡድኖች በ1955 ካትማንዱ ደርሰው ሩስያዊው ቦሪስ ሊሳኔቪች በከፈተው ሮያል ሆቴል አረፉ። በ1956 ካትማንዱን ከሕንድ ሜዳ ጋር የሚያገናኘው የመጀመሪያው የመኪና መንገድ ተጠናቀቀ። በ1962 ወደ ኔፓል የገባው የውጭ ጎብኚ ከ6,000 ብዙም አይበልጥም ነበር።

ድንኳንና ሻይ ቤት

የእግር ጉዞን ሥራ ያደረገው ጂሚ ሮበርትስ ነው። ሮበርትስ በእንግሊዝ ጦር ኔፓላውያን ወታደሮች ባሉባቸው የጉርካ ክፍሎች ያገለገለና በ1953ቱ የኤቨረስት ዘመቻ የኦክስጅን ጠርሙሶችን ጭነው የተከተሉትን ተሸካሚዎች የመራ መኮንን ነበር። በ1964 ማውንቴን ትራቭል የተባለ ድርጅት አቋቋመ። ሐሳቡ ተራራ ወጪዎች ወደ ተራራው ሥር ለመድረስ የሚያደርጉትን ጉዞ ራሱን ለሰው ማቅረብ ነበር። ተጓዡ ጫፍ አይወጣም፤ ድንኳኑ ግን ይተከልለታል፣ ምግቡ ይበስልለታል፣ ጓዙም ይያዝለታል። በ1965 የመጀመሪያዎቹ ደንበኞቹ፣ ሦስት አሜሪካውያን ሴቶች፣ ወደ ኤቨረስት አገር ሄዱ። በዚያው ዓመት የኔፓል መንግሥት ተራራ መውጣትን ለጥቂት ዓመታት ከለከለ፤ ሥራ ያጡ ሼርፓዎችም እንጀራቸውን በአዲሱ ሥራ አገኙ። የእንግሊዝ ጦር ሥርዓትና የሼርፓ ልምድ ተቀላቅለው ጠዋት በድንኳን ደጃፍ ሻይ የሚቀርብበት፣ አብሳይ ቀድሞ ሄዶ ምሳ የሚያዘጋጅበት የጉዞ ዓይነት ተፈጠረ።

ሁለተኛው ዓይነት የመጣው በሌላ መንገድ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ከአውሮፓ ተነሥተው በኢስታንቡል፣ በቴህራን፣ በካቡልና በዴልሂ በአውቶቡስ የሚያልፉ ወጣቶች የጉዟቸውን መጨረሻ ካትማንዱ አደረጉ። ገንዘባቸው ጥቂት፣ ጊዜያቸው ብዙ ነበር። አንዳንዶቹ በከተማዋ ጆቼን ሰፈር ተቀምጠው ቀሩ፤ ሌሎቹ ግን ቦርሳቸውን አዝለው ወደ ተራራ ወጡ። ድንኳንም አብሳይም አልነበራቸውም፤ በየባቲው ገብተው ከቤተሰቡ ጋር ሩዝና ምስር እየበሉ አደሩ። ለታካሊዎች ይህ በጊዜው የደረሰ እንግዳ ነበር። ከ1959 በኋላ የቲቤት ድንበር ጥብቅ ቁጥጥር ሲደረግበትና ከሕንድ የሚመጣ ርካሽ ጨው ቆላውን ሲያጥለቀልቀው ንግዳቸው ተመትቶ ነበር። ጨው ይራገፍባቸው የነበሩት ግቢዎች የእንግዳ ማረፊያ ሆኑ። በ1972 የታተመው የሐኪሙ ስቲፈን ቤዝሩችካ የመንገድ መጽሐፍም ያለ ቡድን የሚሄደውን ሰው ቋንቋውን፣ ልማዱንና ጤናውን እንዲያውቅ አስተማረ።

በሙስታንግ በቻይና ላይ ያምፁ የነበሩት የቲቤት ካምፓ ተዋጊዎች በ1974 ትጥቅ ፈቱ፤ በ1977 ደግሞ የማናንግ ሸለቆ ለውጭ ሰው ተፈቀደ። ያኔ አናፑርናን ዙሪያውን መዞር ተቻለ። የዚህ ጉዞ ልብ 5,416 ሜትር ከፍታ ያለው የቶሮንግ ላ በር ነው፤ ከራስ ዳሸን ጫፍ በብዙ መቶ ሜትሮች ይበልጣል። ተጓዦች ነፋሱ ሳይነሣ ለመሻገር ሲሉ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ገደማ መብራት ይዘው ይነሣሉ። አየሩ ስስ በመሆኑ ጥቂት እርምጃ ሄዶ መቆም ግድ ነው። ፀሐይ ስትወጣ በሩ ላይ የተንጠለጠሉት የጸሎት ባንዲራዎች ይታያሉ። ከዚያ 1,600 ሜትር ገደማ ቁልቁል ተወርዶ ሙክቲናት ይደረሳል። እዚያ ሂንዱዎችና ቡድሂስቶች በአንድነት የሚሳለሟቸው 108 የውኃ ቧንቧዎችና ከመሬት በሚወጣ ጋዝ የምትነድ መብራት አሉ። ፈረንጁ ተጓዥ ከእግር ተሳላሚዎቹ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኘው እዚህ ነው።

ሉክላና የከፍታ ሕመም

ኤድመንድ ሂላሪ ከኤቨረስት በኋላ ወደ ሼርፓዎች ተመልሶ በ1961 በኩምጁንግ ትምህርት ቤት፣ በ1966 በኩንዴ ሆስፒታል አሠራ። የሕንፃ ዕቃ በቀላሉ እንዲደርስ በማሰብ በ1964 በሉክላ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ አንድ የአውሮፕላን ማረፊያ እንዲጠረግ አደረገ። አፈሩ እንዲጠብቅ የመንደሩ ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው እየጨፈሩ ረገጡት። ሜዳው 500 ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ አንዱ ጫፉ ተራራ፣ ሌላው ገደል ነው፤ የሚያርፈው አውሮፕላን በዳገቱ እየተገታ እንዲቆም ሜዳው ወደ ገደሉ ያዘነበለ ነው።

ለሆስፒታል የታሰበው ማረፊያ ጉብኝቱን ለወጠው። ሁለት ሳምንት ይፈጅ የነበረው መንገድ ወደ አርባ ደቂቃ በረራ አጠረ። ግን ያ ሁለት ሳምንት ሰውነትን ቀስ በቀስ ከስሱ አየር ጋር ያለማምድ ነበር። በአንድ ጠዋት ከቆላ ደጋ የገባ ሰው በሦስትና በአራት ቀን ከ4,000 ሜትር በላይ ሲወጣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይይዘዋል፤ ችላ ካለው አንጎሉ ያብጣል ወይም ሳንባው ውኃ ይቋጥራል፤ ፈጥኖ ካልወረደም ይሞታል። ሞቱ ሲበዛ በ1973 የሂማላያ ነፍስ አድን ማኅበር ተቋቋመ፤ ከ4,200 ሜትር በላይ ባለችው ፌሪቼና በማናንግ በጉዞ ወቅት ሐኪሞች የሚቀመጡባቸውን ጣቢያዎች ከፈተ። ከፍታ ቦታ ከተደረሰ በኋላ የሚታደርበት ቦታ በአንድ ሌሊት ከ300 እስከ 500 ሜትር ብቻ እንዲጨምር የሚለው ምክር ዛሬ በየሻይ ቤቱ ግድግዳ ተለጥፎ ይገኛል።

አደጋው ተጓዡን ብቻ አልነካም። ከቆላ የሚመጡ ተሸካሚዎች ለከፍታው እንደ እንግዳው ሁሉ ባዳ ናቸው፤ ለብዙ ዘመንም በስስ ልብስና በነጠላ ጫማ በረዶ ያቋርጡ ነበር። በ1997 የታመመ ተሸካሚ ተትቶ ከሞተ በኋላ መብታቸውን የሚያስከብር ዓለም አቀፍ ቡድን ተመሠረተ፤ ልብስ፣ ማደሪያ፣ ሕክምናና የሸክም ልክ የሚሉት ጥያቄዎችም የዘርፉ መለኪያ ሆኑ።

ደን፣ መናወጥና የመኪና መንገድ

እንግዳው ሲበዛ እንጨት አለቀ። ለማብሰያና ለሙቅ ውኃ የሚነደው ደን መመንመኑ ስለታየ በ1976 በኩምቡ የሳጋርማታ ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ፤ በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ የእኛው የሰሜን ተራሮች ፓርክ ከተመዘገበ ከአንድ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በኩምቡ ምድጃዎች የያክ ኩበት የእንጨትን ቦታ ያዘ። በ1986 በተጀመረው የአናፑርና ጥበቃ ክልል፣ 7,629 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ላይ፣ ሌላ ዘዴ ተሞከረ፤ ነዋሪው ከቀዬው ሳይነሣ ከእንግዳ የሚሰበሰበው መግቢያ ለመንገድ፣ ለድልድይና ለችግኝ ይውላል።

ከ1996 እስከ 2006 የዘለቀው የማኦይስቶች ጦርነት ጉዞውን አቀዛቀዘው። በኦክቶበር 2014 ቶሮንግ ላ አካባቢ ድንገት የመጣ የበረዶ ማዕበል ከ40 በላይ ሰዎች ገደለ። ኤፕሪል 25 ቀን 2015 መጠኑ 7.8 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ወደ 9,000 የሚጠጉ ሰዎችን ቀጠፈ። ቲልማን መጀመሪያ የገባባት የላንግታንግ መንደር ከላይ በወረደ የበረዶና የድንጋይ ናዳ ከ200 በላይ ሰዎች ጋር ተቀበረች። የተረፉት ነዋሪዎች ከፍርስራሹ ከፍ ብለው እንደገና ሠሩ፤ ሻይ ቤቶቻቸውንም ከፈቱ። በ2018 ወደ አገሪቱ የገባው ጎብኚ ከአንድ ሚሊዮን አለፈ። ከኤፕሪል 2023 ጀምሮም የውጭ ተጓዥ ያለ መንገድ መሪ ብቻውን እንዳይሄድ ደንብ ወጣ።

ትልቁን ለውጥ ያመጣው የመኪና መንገድ ነው። በ2000ዎቹ ጥርጊያ መንገድ በካሊ ጋንዳኪ ሸለቆ ወደ ጆምሶም ወጣ፤ በማናንግ በኩልም ሌላው ተከተለ። ለነዋሪው ይህ ታማሚው በሰዓታት ሐኪም ዘንድ የሚደርስበት፣ የማርፋ ፖም ሳይበሰብስ ገበያ የሚገባበት መንገድ ነው። በአሮጌው የጨው መንገድ ዳር የነበሩ ብዙ ሻይ ቤቶች ግን እንግዳ ራቃቸው፤ በቅሎውም በጂፕ ተተካ። አቧራውን ለሚሸሹ እግረኞች በወንዞቹ ማዶ ያሉት የእረኛና የመንደር መንገዶች ተመርጠው፣ ዋናዎቹ በቀይና ነጭ፣ ቅርንጫፎቹ በሰማያዊና ነጭ ቀለም በድንጋይና በዛፍ ላይ ምልክት ተደረገባቸው። የዛሬው ተጓዥ የሚሄደው በእነዚህ ነው።